ሕክምና ካልገባሁ የአንጎል ካርታ መሥራት አልችልም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አሁን ኮምቦልቻ የሶፍትዌር ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ ተሠራ የሚለውን ዜና ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። አባቴ «አንጎል ከሆነ የምትፈልጊው ሕክምና ግቢ፤ ካልሆነ የጀመርሽውን ጨርሰሽ ሥራ ያዢ» ይለኛል። ደሴ የጤና ተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አናቶሚ ሽምደዳ ብቻ ነው ይላል። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ መብራትም ይጠፋል። ትምህርቴን ልቀይር? እዚሁ ሆኜ ምን ልጀምር? እንጀራስ ይወጣዋል?
ሐ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህታችን ሐ.፣ አብሽሪ። ትምህርትሽን አትቀይሪ፤ አንጎሉንም አትተዪው። አባትሽም ወንድምሽም ለአንቺ አስበው ነው የተናገሩት፤ ግን ይህ ሙያ እነሱ ከሚያውቁት በር ሌላም በር አለው።

ሕክምና በሽተኛ ማከም ለሚፈልግ ሰው የተገባ ትምህርት ነው። ለአንጎል ካርታ ብለሽ ከሥር ብትጀምሪው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የነርቭ ሥርዓት አናቶሚ የሚይዘው ጥቂት ሳምንታት ነው። አሁን በእጅሽ ያለው የፕሮግራም ችሎታ ደግሞ እስከዚያ ይዝጋል። ያየሽውን ዜና ራሱን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የታተመው የዝንቧ አንጎል ካርታ 139,255 ኒውሮኖች (የነርቭ ሴሎች) እና 50 ሚሊዮን ገደማ ሲናፕሶች (ሴሎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች) አሉት። ምስሎቹን መጀመሪያ ገጣጥሞ ሴሎቹን የለየው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን አንዳንድ ቦታ ሁለት ሴል አንድ ላይ ያጣብቃል፣ ሌላ ቦታ አንዱን ሴል ሁለት ላይ ይቆርጣል። ያንን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከተሉ ያረሙት ሰዎች ናቸው፤ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም።

ካርታ ማለት ድንበር ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው በየቦታው ይገኛል፤ አካባቢዎቹን በስም የሚያውቅ ሰውም ይገኛል። የሚጠፋው «ድንበሩ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቴ ይህ ነው፣ እዚህች ጋ ግን እጠራጠራለሁ» ብሎ መዝግቦ፣ ያንኑ ወደ ኮድ መመለስ የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ ማሠልጠን ያለብሽ ዓይንሽን ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መድረስ ይበቃል።

በመምሪያሽ በኩል ለደሴው የሕክምና ኮሌጅ አናቶሚ ክፍል የትብብር ደብዳቤ አጽፊና፣ ከመምህር ጋር ሆነሽ በፎርማሊን የተቀመጠ የሰው አንጎል ቁራጭ ለማየት ጠይቂ። የምትፈልጊው የኋለኛውን ክፍል ነው፦ በሁለቱ ግማሾች መካከል ባለው ገጽ ላይ ካልካሪን የሚባለው ስንጥቅ ያለበትን፣ ከስንጥቁ ጋር ተሻጋሪ ሆኖ የተቆረጠውን። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ይከፈት፤ ፎርማሊን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ቁራጩ በውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ እርጥብ እንደሆነ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብይው። የስንጥቁን ግድግዳ የሸፈነው ግራጫ ቅርፊት 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። በዚያ ግራጫ መሐል፣ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ነጭ መስመር ሲሄድ ታያለሽ። በስንጥር ጫፍ ሳትነኪ ተከተዪው። ከስንጥቁ ወጥቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ ድንገት ያልቃል። ቅርፊቱ ይቀጥላል፣ መስመሩ ግን የለም። ያ ያለቀበት ቦታ የመጀመሪያው የእይታ አካባቢ ድንበር ነው።

ይህን መስመር እ.ኤ.አ. በ1776 ያየው ፍራንቼስኮ ጄናሪ የሚባል የፓርማ የሕክምና ተማሪ ነው፤ በ1782 አሳተመው፣ መስመሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም። ወንድምሽ አናቶሚን ሽምደዳ ያለው ስሙን ብቻ ሲማሩት ነው። ያንን ጫፍ በእርሳስ ሥላችሁ፣ በማስመሪያ ለክታችሁ፣ የት ላይ እንደተጠራጠራችሁ ስትጽፉ ሌላ ትምህርት ይሆናል። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ።

አብዛኛው ድንበር እንዲህ አይታይም። ኮርቢኒያን ብሮድማን እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ካርታ አካባቢዎቹን እስከ 52 የቆጠረው፣ ሴሎቹን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ የንብርብሮቹን ውፍረትና የሴሎቹን ጥግግት እያነጻጸረ ነው። የእሱ ካርታ ሥዕል ነበር፤ አንዱ ሰው ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ አይናገርም። በጀርመን ዩሊኽ ያለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አትላስ ግን በ23 አንጎሎች ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ አካባቢ በ10 አንጎሎች ላይ ለየብቻ ተሠምሯል፤ ከዚያ በአንድ የጋራ ቦታ ላይ ተደራርቧል። አንዲት ነጥብ ከ10ሩ በ7ቱ አካባቢ 17 (የመጀመሪያው የእይታ አካባቢ በብሮድማን ቁጥር) ውስጥ ከወደቀች ዕድሏ 70 በመቶ ይባላል። ጥርጣሬ ቁጥር ሆኖ ካርታው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በደንብ ከያዝሽ ግማሹን ሙያ ይዘሻል።

አሁን የሶፍትዌር ተማሪ ዓይን ወደሚያስፈልግበት እንምጣ። በዚህ ሥራ በጣም የሚጎዳው ስህተት ፕሮግራሙ ሳይቆም፣ ቀይ መልእክት ሳይወጣ የሚያልፈው ነው። ሁለቱን እናሳይሽ።

የመጀመሪያው ግራና ቀኝ ነው። ቀጭን የአይጥ አንጎል ቁራጭ ስላይድ ላይ ሲነሣ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የአይጥ ግራና ቀኝ ደግሞ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት፣ ለጥናቱ በማይፈለግ ቦታ በግራው ግማሽ በኩል ከፊት ወደ ኋላ በቀጭን መርፌ ይወጋል፤ በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንዲት ቀዳዳ ትቀራለች፣ እሷ ያለችበት ግራ ነው። ይህ ያልተደረገለት ስላይድ ከደረሰሽ ግራና ቀኝን የሚያነጻጽር ጥያቄ አትመልሺበት። በኮምፒውተርም ላይ ይኸው ችግር አለ። የራዲዮሎጂ ልማድ የበሽተኛውን ግራ በስክሪኑ ቀኝ ያሳያል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግራውን በግራ ያሳያሉ፤ ፋይል ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላ ሲለወጥ የአቅጣጫው መረጃ ሊጠፋ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የምስሉን ቅጂ ውሰጂ፣ በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ነጭ ኩብ በኮድ አስቀምጪበት፣ ሙሉውን የሥራ ሂደት አሳልፊው፣ መጨረሻ ላይ ኩቧ በየት እንደወጣች እዪ። አዲስ መሣሪያ በጨመርሽ ቁጥር ድገሚው።

ሁለተኛው የአካባቢ ቁጥሮችን እንደ ብርሃን መጠን መቁጠር ነው። የአንጎል ኤምአርአይን በየክፍሉ በሚለየው፣ ፍሪሰርፈር በሚባለው ፕሮግራም ሠንጠረዥ የግራው ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ቁጥር 17 ነው፤ ከጎኑ ያለው የግራ ጎን ቬንትሪክል (ፈሳሽ የያዘው የአንጎል ክፍተት) የታችኛው ቀንድ 5 ነው። ምስል ስታዞሪ ወይም ስታሳንሺ ፕሮግራሙ በሁለት ነጥቦች መካከል አማካይ ይወስዳል። ለኤምአርአይ ምስሉ ይህ ትክክል ነው። ለቁጥሮቹ ካርታ ግን 17 እና 5 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 11 ይሰጣሉ፤ 11 ደግሞ ሌላ የአንጎል ክፍል፣ የግራው ኮዴት ነው። በሂፖካምፐስሽ ጠርዝ ዙሪያ የኮዴት ቅርፊት በቀለ ማለት ነው! ከሩቅ ሲታይ ምስሉ ያምራል፣ መጠኑን ስትለኪ ግን ሁሉም ውሸት ይሆናል። ለቁጥር ካርታ ሁልጊዜ የቅርቡን ጎረቤት ዋጋ የሚወስደውን አማራጭ ምረጪ። ከለውጡ በፊትና በኋላ ካርታው ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ቁጥሮች ዘርዝሪ፤ አዲስ ቁጥር ከተገኘ ሥራውን እዚያው አቁሚ።

ላፕቶፕሽ ያስፈራሽ ሳይሰላ ነው። የአለን ኢንስቲትዩት የአይጥ አንጎል አትላስ በነፃ ይገኛል፤ የ1,675 አይጦች አማካይ ነው። በ10 ማይክሮሜትር ጥራት 1320 በ800 በ1140 ነጥብ አለው፤ 1.2 ቢሊዮን ይሆናል። ምስሉ በነጥብ 2 ባይት ቢይዝ 2.4 ጊጋ፣ የአካባቢ ቁጥሮቹ 4 ባይት ቢይዙ ሌላ 4.8 ጊጋ። ሁለቱን አንድ ላይ እንደከፈትሽ ማሽኑ ይተኛል። የ25 ማይክሮሜትሩ ግን 528 በ320 በ456 ነው፤ ምስሉ 154፣ ቁጥሮቹ 308 ሜጋባይት ይወስዳሉ። ለመማርም ለብዙ ምርምርም ይበቃል። ስላይድም እንዲሁ ነው። 15 በ10 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ፒክስሉ 0.5 ማይክሮሜትር ሆኖ ቢነሣ 30,000 በ20,000 ፒክስል፣ በሦስት ቀለም 1.8 ጊጋ ነው። በ5 ማይክሮሜትር ስታሳንሺው 18 ሜጋባይት ይሆናል። ቁራጩን ከአትላስ ጋር ለማጋጠም ይህ በቂ ነው፤ ትልቁን ፋይል ሴል ለመቁጠር ብቻ ክፈቺው፣ እሱንም ሙሉውን ሳይሆን በትናንሽ ክፍል እያነበቡ በሚያሳዩ እንደ ኪውፓዝ ባሉ ፕሮግራሞች።

ለመብራቱ ኮድሽን አስለምጂው። አንድ ቁራጭ ሠርቶ ውጤቱን ወዲያው ፋይል ላይ ይጻፍ፤ እንደገና ሲነሣ ያለቀውን አይቶ ይዝለል። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ትንፋሽ የሚሄድ ሥራ አትጀምሪ። የሰው ኤምአርአይን ከጥሬው የሚያቀነባብረው የፍሪሰርፈር ሂደት ለአንድ ጭንቅላት ብዙ ሰዓት ይወስዳልና፣ ለጊዜው ሌሎች አቀናብረው በነፃ ያስቀመጡትን ውጤት ተጠቀሚ። ቢግብሬን የሚባለውን፣ 7,404 ቁራጭ የሆነውን የአንድ ሰው አንጎል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 20 ማይክሮሜትር የሆነውን፣ በኢንተርኔት ማሰሻሽ ላይ እያገላበጥሽ ማየት ትችያለሽ፤ ማውረድ አያስፈልግሽም።

እንግዲህ አንድ ሥራ እንስጥሽ፤ ብዙ አትጀምሪ፣ ይህችን ጨርሺ። ከአለን አትላስ ሂፖካምፐስ የሚታይባቸውን፣ ሴል በሚያቀልመው የኒስል ቀለም የተነከሩ 20 ተሻጋሪ የአይጥ ቁራጮች ውሰጂ። ክዊክኒ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱን ከአትላሱ ጋር አጋጥሚ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የቢላው ዘንበል ማለት ነው። በአንድ ቁራጭ ላይ የአንዱ ጎን ሂፖካምፐስ ከሌላው ጎን ይልቅ ወደ ኋላ ያለ ከመሰለ ቁራጩ አልተበላሸም፤ ሲቆረጥ አጋድሏል፣ አንቺም አትላሱን በዚያው ልክ አጋድዪው። አንዱን ጎን ለማስማማት ብለሽ ምስሉን ብትጎትቺው ሌላው ጎን ይፈርሳል። ከዋናው አቀማመጥ በኋላ የቀረውን ትንሽ መዛባት ቪዡአላይን በሚባለው አስተካክዪ።

ከዚያ አትላሱን ደብቂና የሂፖካምፐሱን ድንበር አይቲኬ-ስናፕ በሚባለው ፕሮግራም ላይ በእጅሽ አሥምሪ። በውስጡ ደግሞ ሲኤ1 እና ሲኤ3 የሚባሉትን ክፍሎች ለዪ፦ የሲኤ1 ሴሎች አነስ ያሉና በቀጭን ረድፍ የተጠቀጠቁ ናቸው፤ የሲኤ3 ሴሎች ተለቅ ብለው ይላላሉ፤ በመካከል ያለችው ሲኤ2 ትልልቅና ጥቅጥቅ ናት፣ ትንሽም ስለሆነች ብዙ ሰው ይዘላታል። ለውጡ ቀስ በቀስ የሚሄድ ስለሆነ እጅሽ ያመነታል፤ ያመነታሽበትን ቁራጭ ቁጥርና ምክንያት በደብተር ጻፊ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀድሞውን ሳታዪ ሁሉንም እንደገና አሥምሪ። አንዱን ዙር ወንድምሽ ይሥራው፤ ሌላውን የአናቶሚ መምህር ቢሠራልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ስምምነቱ የሚለካው ዳይስ በሚባል ቁጥር ነው፦ የጋራውን ስፋት በሁለት አባዢና ለሁለቱ ስፋቶች ድምር አካፍዪ። የመጀመሪያው 12,000፣ ሁለተኛው 13,000 ፒክስል፣ የጋራቸው 11,250 ከሆነ 22,500 ለ25,000 ሲካፈል 0.90 ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን ትንንሾቹን ይበድላል። 100 በ100 የሆነ ካሬ በአንድ ፒክስል ቢንሸራተት ዳይሱ 0.99 ነው፤ 5 በ5 የሆነው በዚያው አንድ ፒክስል ቢንሸራተት 0.80 ይወርዳል። እጅሽ ያው ነው፤ የወደቀው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ለሲኤ2 ዝቅተኛ ዳይስ ስታገኚ ተስፋ አትቁረጪ፣ የድንበሮቹን ርቀት በማይክሮሜትር ጨምረሽ አቅርቢ።

ስለ ላብራቶሪው ጥቂት እንበል። ቁራጭ ማዘጋጀት ባይጠበቅብሽም ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲሠራ አብረሽ ቁሚ፤ ምስሉ ላይ የምታዪው እጥፋት፣ ቅዳጅና የቀለም ነጠብጣብ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ዚሎል የሚባለው ኬሚካል ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት የሚነጣ ስላይድ ውሃው አልወጣለትም፤ ወደ ንጹሕ አልኮል ተመልሶ ይቆያል። የደሴ ነገር ደግሞ አንድ አለ፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለፀረ-አካል ቀለም ስላይዱን ከ95 እስከ 98 ዲግሪ አሙቁ የሚል መመሪያ እዚህ በተከፈተ ድስት አይሆንም፤ በግፊት ማብሰያ ነው የሚሠራው። ይህን ያላሰበ ሰው ቀለሙ ሲደክምበት መድኃኒቱን ይወቅሳል።

የሰው የራስ ቅል ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ከሐኪም ቤት በፍላሽ ሰጥቶሽ የሚረዳሽ ዘመድ ቢገኝ እንኳ አትቀበዪ። ፋይሉ ውስጥ የበሽተኛው ስምና የልደት ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ያንን ብታጠፊው እንኳ ከኤምአርአዩ ፊትን መልሶ መሥራት ይቻላል። ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የተነካ መረጃ አንድ ቀን የማመልከቻሽን በር ይዘጋል። ለመማር በነፃ የተለቀቀው ይትረፈረፋል።

ወደ እንጀራው። እውነቱን ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ በአገራችን «የአንጎል ካርታ ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። በውጭ ባሉ ላብራቶሪዎች ግን የምስል ተንታኝ፣ የመረጃ አደራጅ፣ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ፣ የቁራጭ ዝግጅት ቴክኒሻን የሚባሉ መደቦች አሉ፤ ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ዓመት ውል ነው የሚቀጥሩት። እዚህ ደግሞ የሕክምና ምስልን የሚያውቅ ሶፍትዌር ሠሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን ይቻላል። የመጀመሪያ ዲግሪሽ የሚሰጥሽ ሙያ እንጀራሽን ይይዝልሻል፤ ለዚህ ነው አትቀይሪው የምንልሽ።

አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በአናቶሚ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ እንዲህ ያለው ትምህርት በብዛት የጤና ምሩቃንን ስለሚፈልግ ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂ። ለአንቺ የሚቀርበው በኒውሮሳይንስ፣ በባዮሜዲካል ምህንድስና ወይም በኢንፎርማቲክስ በኩል ያለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ሁለተኛ ዲግሪዎች ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ አላቸው። በጀርመን ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ያገኛሉ። በአሜሪካ የኒውሮሳይንስ ዶክትሬት ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ክፍያውን ሸፍነው የኑሮ አበል ይሰጣሉ፣ ማመልከቻቸውም በብዛት በእነሱ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ፣ በእኛ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሣልሽ መጠየቅ ነውር የለውም። «አስገባሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ግን የሚያደርግልሽ ነገር የለም። ከዚያ በፊት ኒውሮማች አካዳሚ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የሦስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ሞክሪ፤ ክፍያው እንደየአገሩ አቅም ይቀንሳል።

ለምርምር መሪ ስትጽፊ ከአንድ ገጽ አትለፊ። ስለ ልጅነት ሕልምሽ ሳይሆን ስለ ሥራሽ ጻፊ፦ 20 ቁራጭ፣ ሁለት ዙር፣ ዳይሱ ይህን ያህል፣ የተለያየንበት ቦታ ይህ፣ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። ኮዱንና የደብተርሽን ማስታወሻ የሚያገኙበትን አድራሻ አያይዢ። ያልተስማማችሁበትን ቁራጭ ምስል አንዱን ገጹ ላይ አስገቢ፤ የሚያነብልሽ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከአሁኑ በዚህ ላይ አስቢበት። ከኮምቦልቻ አንድ የሶፍትዌር አማካሪ፣ ከደሴ አንድ የአናቶሚ አማካሪ እንዲኖርሽ ጠይቂ። ሁለት ግቢ የሚያገናኝ ደብዳቤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ወራት ሊበላ ይችላልና፣ ርዕስ ማስገቢያው ሳይደርስ በዚህ ሴሚስተር ይጀመር። የመጀመሪያውን ቀን ደሴ ስትወጪ ጓንት፣ ማስመሪያና እርሳስ ያዢ፤ መምህሩንም የካልካሪንን ስንጥቅ የያዘውን ቁራጭ እንዲያወጡልሽ ለምኚ።